የአዬዮ ዐዎን ያስሚን ማን በላት?

ሂባቅ ባስታው የተቀቀለበትን ውሃ ከነድስቱ በሁለት ጨርቅ ይዛ ከማድቤት ብቅ ስትል፣ አያቷ አዬዮ ዐዎ ያስሚኗ ሥር ቆመዋል። አንዱን ሀረግ ሳብ ሲያደርጉት ቅጠሉ በሙሉ እጃቸው ላይ ተራገፈ። ኮሽ ኮሽ አለ፤ እንደ ደረቀ የጫት ገረባ።

«ኑ እስቲ! ሁላችሁም ውጡ!» አሉ አዬዮ።

ሁላችሁም ሲሉ ቤት ያሉት ሂባቅና የስምንት ወሩ ወንድሟ ዐብዲኑር ብቻ ናቸው። ዐብዲኑር ደሞ ተኝቷል። እናታቸው ከጠዋት ጀምራ ገበያ፣ ሱቋ ናት። አባታቸው ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ከመጣ ነው። ግን አንድ ሰው አልጠፋም። ሁለት ቤት አለፍ ብላ ያለችው ናስትሆ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ግቢው መሀል ቆማለች። ናስትሆ ወንፊት የምትዋሰው ዱቄት ሲኖራት አይደለም፣ ወሬ ሲያልቅባት ነው።

«ምን ሆነች?» አለች ናስትሆ፣ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ እያደረገች።

«ሞተች» አሉ አዬዮ። «ያስሚኔ ሞተች።»

ያስሚኗ ደሞ ዝም ብላ ያስሚን እንዳትመስላችሁ። የዛሬ አራት ዓመት አዬዮ ከሐረር፣ ከእህታቸው ግቢ፣ አንዲት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ነው ያመጧት። ጨርቁ እንዳይደርቅ ለራሳቸው የያዙትን ውሃ ለሷ እያጠጡ ጅጅጋ ሲገቡ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ማድቤቱ በር አጠገብ ተከሏት፣ አጥሩ ላይ ሽቦ ወጠሩላት። እሷም ቀስ እያለች ሽቦውን ተጠምጥማ፣ አጥሩን ወጥታ፣ ጎረቤታቸው ለተሥላሴ ግቢ ድረስ አንገቷን አሰገገች። ነጫጭ አበባዋ ሲከፈት፣ «ሽታዋን ለመጠጣት ባጃጁ ሁሉ ዝግ ይላል» ይሉ ነበር አዬዮ። ውሸታቸውን ነው፤ ባጃጁ ዝግ የሚለው ለጉድጓዱ ነው። ሽታዋ ግን እውነት ነው።

ጅጅጋ ላይ ውሃ እንዲሁ እንደ ዋዛ አይደፋም። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ከመጣ ደስታ ነው፤ ካልመጣ በአህያ ጋሪ ይገዛል። ስለዚህ አዬዮ ዘዴ ነበራቸው። በርጩማቸውን ያስሚኗ ሥር አድርገው በቀን አምስቴ ውዱእ እዛው ነው የሚያደርጉት። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን የታጠቡበት ውሃ ሥሯ ዙሪያ ወደተቆፈረው ክብ ጉድጓድ ይወርዳል። «የኔ ያስሚን የሶላት ውሃ ነው የምትጠጣው» ይላሉ ለመጣው ሰው ሁሉ። የሂባቅ ሥራ ከሰዓት በኋላ ከበርሜሉ አንድ ጆግ ንጹህ ውሃ መጨመር ብቻ ነበር።

ታዲያ የሶላት ውሃ የጠጣች ሀረግ እንዴት ትሞታለች?

ሂባቅ ታውቃለች። ድስቱ እጇ ላይ ነው፤ እንፋሎቱ ፊቷን ያቃጥላታል። ድሮ የባስታ ውሃ (ጅጅጋ ፓስታን ባስታ ነው የምትለው) የሚደፋው ከግቢው በር ውጪ ያለው ቦይ ውስጥ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን መንገዱ ለኮብልስቶን ተቆፈረና ቦዩ በድንጋይ ተደፈነ። ከዛ ወዲህ ትኩስ ድስት ይዞ እስከ መንገዱ ጥግ መሄድ መጣ፤ መንገዱ ጥግ ደሞ ፑል የሚጫወቱ ጎረምሶች አሉ፤ «ድስቷ መጣች!» ብለው ያፏጫሉ። አንድ ቀን ሂባቅ ግራ ቀኝ አየችና ያስሚኗ ሥር ደፋችው። ውሃ ውሃ ነው አለች በልቧ። በማግስቱም ደፋች። ጨው ያለበት የፈላ ውሃ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ወር። አንዴ ጠጥታለች ብላ የበርሜሉንም ጆግ ተወችው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አይታለች። አዬዮ ግን ዓይናቸው ደከም ስላለ ልታብብ ነው ብለው ነበር።

«ይሄ ዓይን ነው» አለች ናስትሆ። ወንፊቱን ረስታዋለች። «አዬዮ፣ ማን አያት? ማን አደነቃት?»

አዬዮ ወደ ሂባቅ ዞሩ። «ከሰዓት ቤት የምትውይው አንቺ ነሽ። ማን መጣ ሰሞኑን?»

ሂባቅ ድስቱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አፏ ላይ የመጣላት ስም አንድ ብቻ ነበር።

«ኢዶ ለቴ...» አለች። ኢዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እዚህ ሰፈር ግን የተከበረች ጎረቤት ሁሉ ኢዶ ናት፤ ለተሥላሴም ኢዶ ለቴ። «ባለፈው ሳምንት ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ በኩል 'ይቺ ያስሚናችሁ ሽታዋ መኝታ ቤቴ ድረስ ነው የሚገባው፣ እንዴት ታምራለች' አለች።»

«ማሻአላህ አለች?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሰው ልጅ፣ ከብት፣ አበባ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያደነቀ ሰው ማሻአላህ ካላለ ዓይን ይገባበታል፤ ይሄን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ለተሥላሴ ክርስቲያን ብትሆንም ጅጅጋ ተወልዳ ጅጅጋ ያረጀች የወታደር ልጅ ናት፤ ማሻአላህን ከናስትሆ አብልጣ ትላለች። የዛን ቀንም ብላለች። ሁለቴ። ሂባቅ በሁለት ጆሮዋ ሰምታለች።

«አልሰማሁም» አለች ሂባቅ።

ይቺው ናት። «አላለችም» አልወጣትም፤ «አልሰማሁም» ነው ያለችው። ይሄን ልዩነት በኋላ ለራሷ ስንቴ እንደነገረችው!

አዬዮ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉና ቅጠሉን ከጉልበታቸው ላይ አራገፉ። ናስትሆ ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች። ሂባቅም የዛን ቀን ድስቱን ይዛ እስከ መንገዱ ጥግ ሄደች። ጎረምሶቹ አፏጩ። አልሰማቻቸውም።

ጅጅጋ ላይ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም፣ በእግሩ ይቀድማል። ቅዳሜ ከአዬዮ ግቢ የወጣው ወሬ እሁድ ወተት ተራ ሲደርስ ያስሚኗ በአንድ ሌሊት ከሰል ሆና ነበር። ሰኞ ሰርግ ቤት ሲደርስ ደሞ ለተሥላሴ አጥሩ ላይ ወጥታ ቅጠሉን በእጇ ዳብሳለች። የአንዷ ፍየል ወተቷ የነጠፈው፣ የሌላዋ ልጅ ተቅማጥ የያዘው፣ ሁሉም ለተሥላሴን ካየ በኋላ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው አንዴ ጥፋተኛ ከተገኘለት የከረመ መከራውን ሁሉ አምጥቶ እሱ ላይ ይከምራል።

ለተሥላሴ ደሞ ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ጤና ጣቢያ ሕፃን መመዘን ነው። ከጣሪያው በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ ሱሪ በመሰለው ጨርቅ ሕፃኑን ታንጠለጥልና ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ትጮኸዋለች። «ሰባት ኪሎ ተኩል! ይሄ በሬ ነው እንጂ ልጅ ነው እንዴ! ማሻአላህ!» እናቶቹ ይስቃሉ፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው፣ የሰው ልጅ እያደነቀች።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ሶሲና ሳንቡሳዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለሂባቅ ሰጠቻት። ሶሲና የለተሥላሴ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ከሂባቅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«አቦ ሂቡ፣ እማዬ ትናንት አልቅሳ መጣች።»

«ምን ሆና?»

«ሁለት ሕፃን ብቻ መዝና ዋለች። በቀን አርባ የምትመዝን ሴትዮ! እናቶቹ እምቢ አሏት። አንዷማ ጭራሽ እማዬ እንዳታየው ብላ ልጁ ፊት ላይ ሻርፕ ጣለችበት። 'ዓይኗ ከባድ ነው' ይላሉ።» ሶሲና ሳቅ ሞከራት። «ዓይኗ! መነጽሯን ካወለቀች እኔንና በሩን አትለይም እኮ!»

ሂባቅ አልሳቀችም። ሳንቡሳው አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነ።

«ኃላፊው ምን አላት መሰለሽ? ነገሩ እስኪበርድ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ግቢ። ካርድ ክፍል መስኮት እንኳ የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አንቺንም መዝናሻለች፣ እኔንም።» ሶሲና ጣቷን በወረቀቱ ጠረገች። «ነገሩ ከናንተ ያስሚን ነው የጀመረው አሉ። ማን እንዳስወራ ባውቅ በእናቴ ስም ፀጉሯን ነበር የምነጨው። አንቺ ቤት ነበርሽ አይደል? ማን እንደሆነች ምንም አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

ሁለተኛው አልሰማሁም ከመጀመሪያው ቀለል ብሎ ወጣ። ሂባቅን ያስፈራት እሱ ነው።

«ብዪ እንጂ» አለቻት ሶሲና። «ፆም ላይ ነሽ እንዴ?»

ያን ቀን አመሻሽ ላይ የሂባቅ እናት ከገበያ ስትመለስ፣ ዐብዲኑርን ከሂባቅ እጅ ተቀብላ በሩ ላይ ቆመች። ለተሥላሴ ከሥራ እየመጣች ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቦርሳዋን መሬት ጥላ ልጁን ትነጥቃት ነበር። የሂባቅ እናት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን እጇ ቀደማት። ሻርፗን በዐብዲኑር ላይ ሳብ አደረገችው።

የልጁ እግር ብቻ ከሻርፑ ውጪ ቀርቶ ነበር። ለተሥላሴ እንደ ልማዷ ትንሿን ጣቱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ከዛ መለሰችው። ማንም ሳይላት ራሷ ናት የመለሰችው።

«እንደምን አመሻችሁ» አለች።

«ደህና ነን። እናንተስ?» አለች እናትየው።

ሂባቅ ከኋላ ቆማ የለተሥላሴን እጅ ታይ ነበር። የሚያደርገውን ያጣ እጅ ነበር። ቦርሳውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መነጽሩን ነካ። ሂባቅ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች። አሁን ልናገር አለች በልቧ። ግን እናቷ ወደ ውስጥ ገባች፣ ለተሥላሴም ገባች፣ ሂባቅ ብቻ በሩ ላይ ቀረች።

«ሆዮ» አለች እናቷን ተከትላ። «ሐሙስ ዐብዲኑርን የማስመዝነው እኔ ነኝ አይደል?»

«አንቺ ነሽ። ግን ለዛችኛዋ ነርስ ስጪው፤ ለልጅቷ። ገባሽ?»

ገብቷታል።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ለተሥላሴ ናት። በእጇ መኮትኮቻ ይዛለች።

«አዬዮ ዐዎ» አለች ገና ሳትቀመጥ፣ «ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። እስቲ እኔም ልያት። አባቴ ወታደር ቢሆንም የካምፑን አበባ የሚንከባከበው እሱ ነበር፤ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ።»

አዬዮ ምን ይበሉ? ቤት የመጣ ሰው አይባረርም። «እይያት» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው።

ለተሥላሴ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። አፈሩን ጫር ጫር አደረገችው። ከላይ እንደ አመድ የነጣ ነገር ጋግሮበታል። በጣቷ ነካችና ቀመሰችው። ሂባቅ ማድቤቱ በር ላይ ሆና ታያለች። ለተሥላሴ ደሞ አንዴ ጫረች። አሁን ጣቷ ላይ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተንጠለጠለ። ደርቆ፣ ተጠማዞ፣ አፈር ለብሷል። ግን ጅጅጋ ላይ ያደገ ሰው ባስታ በምን መልክ ቢመጣ ይጠፋዋል?

ለተሥላሴ ቀና አለች። በመነጽሯ ሂባቅን አየቻት፤ ከዛ ማድቤቱን፤ ከዛ መልሳ ሂባቅን። እጇን ጨበጠች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አዬዮ። እሳቸው ከዛ ርቀት ዝሆንም አይታያቸው።

አሁን ትናገራለች ብላ ሂባቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«አፈሩ ነው አዬዮ። አፈሩ ተጎድቷል።»

«አፈሩ! የሶላት ውሃ የጠጣ አፈር!»

«አዎ» አለች ለተሥላሴ። ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች። ወደ በሩ ስትሄድ በሂባቅ አጠገብ አለፈች፤ የሂባቅን እጅ ያዘችና የጨበጠችውን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ያንቺ ነው መሰለኝ» አለች፣ ዝግ ብላ። አልተቆጣችም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በሩ ሲዘጋ አዬዮ ማጉረምረም ጀመሩ። «አፈር ትላለች! ጥፋቱን ወደኛ ልታዞረው ነው። ለናስትሆ ባልነግራት...»

«አዬዮ፣ እኔ ነኝ» አለች ሂባቅ።

«ምኑን?»

«የባስታ ውሃ እዚህ ነበር የምደፋው። መንገዱ ጥግ ላለመሄድ። ሁለት ወር ሙሉ።» መዳፏን ከፈተችና አዬዮ ዓይን ድረስ አቀረበችላቸው።

አዬዮ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩባት፤ ሳታቸውና በርሜሉን መታ። ከዛ ሌላኛውን ሊያወልቁ ጎንበስ ካሉ በኋላ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«ማሻአላህስ?» አሉ፣ መሬቱን እያዩ። «ብላ ነበር?»

«ብላለች። ሁለቴ።»

አዬዮ ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠውልጎ፣ አርጅቶ ነበር። ሂባቅ አያቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። አዬዮ ዐዎ ሰፈሩ ውስጥ የተጣላ ሲኖር የሚጠሩ ሴትዮ ናቸው፤ አሁን የራሳቸውን ምላስ የሚያስታርቅላቸው ያጡ ይመስላሉ።

«ሰርጉ ላይ እኔ ራሴ ተናግሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ሰው ነበር! እየማልኩ ነው የተናገርኩት።»

«እንንገራቸዋ። አብረን ሄደን...»

«ምን ብዬ? ዐዎ ባስታና ዓይን አልለይ አለች ይበሉኝ? በዚህ ዕድሜዬ?» እጃቸውን አወናጨፉ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ተይው፣ ሰው ይረሳዋል። እኔም ሐረር ሄጄ ሌላ ቅርንጫፍ አመጣለሁ።»

«ኢዶ ለቴስ?»

አዬዮ መጥረጊያውን አንስተው የረገፈውን ቅጠል መጥረግ ጀመሩ። ደጋግመው አንድ ቦታ ነው የሚጠርጉት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በሴት ሞልቷል። ሁለት ሚዛን አለ። በአንደኛው ልጅቷ ነርስ እየላባት ትመዝናለች፤ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰልፉ በኮሪደሩ ተጠምዝዟል። በሁለተኛው ማንም የለም። ለተሥላሴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ የተስተካከሉ ካርዶችን መልሳ ታስተካክላለች።

ሂባቅ ዐብዲኑርን አዝላ ስትገባ አንድ እጅ ከወንበሩ ተውለበለበ። ናስትሆ ናት፤ የልጇን ልጅ ይዛ መጥታለች።

«ነይ ሂባቅ! ቦታ ይዤልሻለሁ። እዚህ ጋ!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ የናስትሆ ዝቅ ያለ ድምፅ እስከ ውጪ ይሰማል። «ወደዛች እንዳትሄጂ።»

ቦታው ናስትሆ ጎን ነበር፣ ጠበብ ያለ ቢሆንም ለአንድ ሰው ይበቃል። ሂባቅ ቁጭ ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር። እግሯ ግን አለፈ። ወደ ባዶው ሚዛን ሄደችና አንቀልባውን ፈታችው።

«አንቺ ልጅ!» ናስትሆ ብድግ አለች። «እናትሽ ታውቃለች? በያስሚናችሁ የሆነውን ረሳሽው?»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ሂባቅ አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም፤ ቀጥኖ ተሰበረ።

«ምን አለች?» አለች ከሰልፉ መጨረሻ ያለች ሴትዮ።

መድገም ነበረባት። አንዴ መናገር አይበቃም እንዴ!

«ያስሚኗን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች ሂባቅ፣ አሁን ጮክ ብላ። «የባስታ ውሃ እደፋባት ነበር፤ የፈላ፣ ጨው ያለበት። ኢዶ ለቴ ማሻአላህ ብላለች። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከዛ አንዷ ሳቀች። ሁለተኛዋ ተከተለች።

«የባስታ ውሃ! ወላሂ፣ ይቺ ስታገባ ባሏንም ትቀቅለዋለች!»

«ሶስ ጨምሪበት በያት!»

«አይ፣ ልጅ ናት፤ በይ ብለዋት ይሆናል» አለች ሦስተኛዋ። «አዬዮ ዐዎ እራሷ ናት እኮ ዓይን ነው ያለችው። ዐዎ ትዋሻለች?»

ሂባቅ ፊቷ ተቃጠለ። አንገቷ፣ ደረቷ፣ ሁሉ ነገሯ። ወለሉ ቢከፈት ዘላ ትገባበት ነበር። ናስትሆ ደሞ ጣሪያው ላይ አንድ የሚታይ ነገር ያገኘች ይመስል ወደ ላይ እያየች ነው።

«ልብሱን አውልቂለት» አለች ለተሥላሴ።

አወለቀችለት። ለተሥላሴ ልጁን ተቀበለችና በሚዛኑ ጨርቅ ውስጥ እግሩን አንድ በአንድ አስገባች። እጇ አሁን የሚያደርገውን ያውቃል። ዐብዲኑር ተንጠልጥሎ በአየር ላይ ተፈራገጠ፣ ሳቀ፣ ምራቁ ወረደ። መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ።

«ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ» አለች ለተሥላሴ። አልጮኸችውም። ለካርዱ ብቻ የምትናገር ይመስል ነበር። ክንዱን በሜትሩ ለካች፣ ጻፈች፣ ካርዱን አጠፈች።

«ኢዶ...» አለች ሂባቅ።

«ሶሲና ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ንገሪያት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።» ቀና አላለችም። «በሚቀጥለው ወር አምጪው።»

ሂባቅም ከዚህ ሌላ ምንም እንድትላት አልጠበቀችም፤ ትንሽ ጠብቃ ከነበረም አሁን ያንንም አፈረችበት። ዐብዲኑርን አለበሰችው፣ አዘለችው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ካሉት ሴቶች አንዷም አልተነሳችም። ሳቁ በርዶ ሹክሹክታ ሆኗል። «ባስታ» የሚለው ቃል ብቻ አልፎ አልፎ ይሰማል። ከነገ ጀምሮ ስሟ እሱ ነው፤ ድስቷ መጣች የሚሉት ጎረምሶች ዛሬ ማታውኑ ይሰሙታል።

ወደ በሩ ሄደች። ውጪው ፀሐይ ነው፣ ቤቷ ቅርብ ነው።

በሩ ላይ ስትደርስ አንዲት ሴትዮ ገባች። ከገጠር፣ ከቱሊ ጉሌድ መኪና አሁን የወረደች ትመስላለች፤ ጫማዋም ቀሚሷም አቧራ ነው፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ቆማ ሁለቱን ሚዛን ተራ በተራ አየች። ከአግዳሚ ወንበሩ ሦስት እጅ በአንዴ ተነስቶ «ወደዚህ፣ ወደዚህ» አላት። አንዷማ በዓይኗ ለተሥላሴን አሳይታ አንገቷን ወዘወዘች። ሴትዮዋ ምንም ሳይገባት የሕፃኗን ፊት በእጇ ከለል አደረገች።

ሂባቅ አንድ እግሯ ከበሩ ውጪ ነበር። መለሰችው። የዐብዲኑርን አንቀልባ ጠበቅ አደረገችና ከሴትዮዋ ፊት ቆመች።

«ኢዶ» አለቻት፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ።»